የቀረሽባቸው እሑዶች

ውድ እታለም፣

«ደህና ነሽ ወይ?» ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ግን ደህንነትሽን ያናጋሁት እኔ ሆኜ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ እንዴት ልጠይቅሽ? እማዬ ይግባኝ ማለትሽን ነግራኛለች። ስለዚህ ነገሩን አላንዛዛውም። ከጤና ጣቢያው ያስባረረሽን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ሊቀመንበሩ አስገድደውት ነው» ብላሽ ከሆነ፣ የነገርኳትን ውሸት አምና ነው። ማንም አላስገደደኝም።

ያን ሰሞን ልቤ አብጦ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ የከተማው ምክር ቤት ሊቀመንበር ሲሆኑ፣ እኔን የሁለቱም ጸሐፊ አደረጉኝ። ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑን ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ከሰዓት የምክር ቤቱን፤ ብዕሩ ያው አንድ ነው። «ይህች ከተማ የክርስቶስ ናት» የሚለው ሰሌዳ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ሲሰቀል መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አንቺ ከፈረቃ ስትወጪ በዚያ አለፍሽና ቀና ብለሽ አየሽው።

«ምነው፣ አድራሻው ጠፍቶበት ነው በር ላይ የጻፋችሁለት?» አልሽኝ።

ሰው እየሰማ ስለነበር ሳቅኩ። በሆዴ ግን ቂም ያዝኩብሽ።

ከዚያ መመሪያው መጣ። የከተማው ሠራተኛ ሁሉ የጸና ምእመን መሆኑን የሚያስረዳ ወረቀት ከቤተ ክርስቲያን እንዲያመጣ ተባለ። መመሪያውን ያረቀቅኩት እኔ ስለሆንኩ ያንቺን ወረቀት ከሁሉም አስቀድሜ አዘጋጅቼ ነበር። ነጭ ጋውንሽን እንደለበስሽ ቢሮዬ መጣሽ፤ ወረቀቱን ሳታነሺው ቆመሽ አነበብሽው።

«አንተ ልጅ፣ እኔ ብንበረከክ ባልንበረከክ የሰው ኃይል ክፍሉን ምን አገባው?»

«እታለም ሙች፣ ወረቀት ብቻ እኮ ነው። ውሰጂና ገላግዪኝ።»

«ወረቀት ብቻ ከሆነ ለምን ትለምነኛለህ?» አልሽ። ቀጥለሽም ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ «የማዋለጃ ክፍሉን የምታጸዳው ሴት ሃይማኖቷ ሌላ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ደሙን ያጠበችው እሷ ናት። እኔ ይህን ይዤ ብገባ እሷ በየት በኩል ልትገባ ነው?» አልሽኝ።

«እሷን ተያት» አልኩሽ። እንዴት እንዳየሽኝ አልረሳውም። እንዲህ ያየሽኝ በልጅነታችን የሰው ዕቃ ሰርቄ የተያዝኩ ቀን ብቻ ነው።

በሳምንቱ ሊቀመንበሩ ጠሩኝ። አልተቆጡም። «የገዛ እህትህ እምቢ ካለች ሌላው ምን ይላል? እስቲ መዝገቡን እይልኝ» ብቻ ነው ያሉኝ። የእሑድ መዝገባችንን ታውቂዋለሽ፤ ለተገኘ «ተ»፣ ለቀረ «ቀ» እየጻፍኩ የምይዘው እኔ ነኝ። ቆጠርኩልሽ። ከሃምሳ ሁለት እሑድ ሠላሳ አንዱን ቀርተሻል። «በጸና ምእመንነት ልናውቃት አንችልም» ብዬ ጻፍኩና ማኅተም መታሁበት። ሁለት መስመር አይሞላም።

ቁጥሩ ልክ ነው። ለምን እንደቀረሽ ግን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የእሑድን ፈረቃ የምትወስጂው ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ባልደረቦችሽ ቤተ ክርስቲያን እንዲሄዱ ነበር። ከሠላሳ አንዱ እሑድ አንዱ ደግሞ ልጄ የተወለደችበት ነው። ባለቤቴ ምጥ ሲጠናባት ከጎኗ ንቅንቅ አላልሽም። እኔ ኮሪደሩ ላይ ስንቆራጠጥ ብቅ ብለሽ፣ «አንተ ነህ እንዴ የምትወልደው? ቁጭ በል» ብለሽ አሳቅሽኝ። በዚያ እሑድ ገጽ ላይ ካንቺ ስም ትይዩ «ቀ» አለ። ከኔ ስም ትይዩ «ተ» አለ። እኔም እኮ አልነበርኩም፣ እታለም። በማግስቱ መዝገቡን ስሞላ ላንቺ እውነቱን ጻፍኩ፤ ለራሴ ግን ዋሸሁ። ደብዳቤሽን ስጽፍ ያ ገጽ ዓይኔ ሥር ተከፍቶ ነበር።

ከተማውን ለቀሽ የሄድሽ ቀን አውቶቡስ ተራ አይቼሻለሁ። ያ ሻንጣ ጎማው ተሰብሮ ያስቸግርሽ ነበር። ሮጬ ልይዝልሽ ሲገባኝ ፋርማሲ ገብቼ የማያስፈልገኝን የሳል መድኃኒት ገዛሁ። አውቶቡሱ እስኪወጣ ድረስ የጠርሙሱን መመሪያ ሳነብ ቆየሁ። ሰው እንዲህም ይረክሳል።

ነገ እሑድ ነው። በምስክርነት ሰዓት እነሳና ሁሉንም በጉባኤው ፊት እናገራለሁ። ካሁኑ ፈርቻለሁ፤ ግን እነሳለሁ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ

ተነሳሁ። «ልጄ በተወለደች ቀን እዚህ ሳልኖር ተገኝቻለሁ ብዬ መዝገብ ላይ ጽፌያለሁ» አልኩ። ያንቺን ልቀጥል አፌን ስከፍት ሊቀመንበሩ ቀደሙኝና፣ «ሃሌ ሉያ! እንዲህ ያለ ትሑት ጸሐፊ የሰጠን ጌታ ይመስገን!» አሉ። ጉባኤው አጨበጨበ፣ መዝሙር ተነሳ። እኔም ተቀመጥኩ። የባሰውን ልንገርሽ? ጭብጨባው ደስ አለኝ። ሰው ሁሉ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገኝ ወጣሁ። ስምሽን አልጠራሁም።

ከዚያ ቢሮ ገባሁና የዚያን እሑድ ገጽ ከመዝገቡ ቀደድኩት። አንቺ የት እንደነበርሽ፣ እኔ የት እንደነበርኩ፣ ደብዳቤውን ስጽፍ ምን አውቅ እንደነበር በጀርባው በእጄ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ማኅተም የለበትም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ፤ ለይግባኙ ስጪው። ከሁለቱም ወንበር ያስነሳኛል፣ ምናልባትም ያስከስሰኛል፤ ለኔ ብለሽ እንዳትደብቂው። ስትጠሪኝ ቆሜ እመሰክራለሁ ብዬ ቃል ልገባልሽ ነበር፣ ግን ዛሬ ራሴን አየሁት። አፌን አትመኚ። ፊርማዬን ያዢ።

ታናሽ ወንድምሽ