የአጥናፉ የጨው ስሌት

ሰኞ
ጣሊያናዊው መኮንን ዛሬም ከክፍሉ ኋላ ተቀምጦ ሲጋራውን ሲያቦንን ዋለ። ጣሊያኖቹ ለአገር አስተዳደር ለመረጧቸው ጎልማሶች ስሌት አስተምራለሁ፤ የሚታየውን ቆጥሮ የማይታየውን መገመት። ሰው እንቁጠር ብላቸው እምቢ አሉ። «የኔታ፣ ዳዊት ሕዝቡን ቆጥሮ መቅሠፍት አላመጣም?» አለኝ አንዱ። እንግዲያው የሚበላውን እንቁጠር አልኩ። አንድ ቤተሰብ የሚፈጀው ጨው ከታወቀ፣ ገበያ ላይ ከተሸጠው ጨው የሕዝቡን ብዛት መገመት ይቻላል። ወደዱት። እኔም ኮራሁ፣ ሞኝ!

ማክሰኞ
አጥናፉ ሠርቶ መጣ። የጋፋት ገበሬ ልጅ ነው፤ ዝምተኛ፣ ከሁሉም ብልህ። ነጋዴዎቹን ጠይቆ፣ የዙሪያውን ቤት ገምቶ። «የተሸጠው ጨው ከሚበላው አፍ በለጠ፣ የኔታ። ትርፉን ማን ይበላዋል?»
 ማን እንደሚበላው አውቃለሁ። ወንድሜ ደምሌ ከአርበኞቹ ጋር እብናት በኩል ጫካ ውስጥ ነው፤ ጨዋቸው የሚሄደው ከዚሁ ገበያ ነው።
መኮንኑ በአስተርጓሚ ሰምቶ ብድግ አለ። ስሌቱ ሐሙስ እፊቱ ይሠራ አለ። እውነት ከሆነ ጨው ጭኖ የሚወጣውን ሁሉ በወታደር ሊያስከታትል ነው።

ረቡዕ
 ለሚስቴ ለብርቄ ነገርኳት። «ታዲያ አበላሸዋ!» አለች፣ ወጥ ይመስል። ስሌቱን ባበላሸው አጥናፉ ያውቅብኛል።
ከሰዓት በኋላ ላሟን ጨው ስታስልሳት አየሁ። ከብት! ተመስገን!

ሐሙስ
«ከብቱ ተረስቷል» አልኩ። ከብትም ጨው ይልሳል፤ የደጋ ሰው ደግሞ ዓይን ያገኘዋል ብሎ የከብቱን ብዛት ለማንም አይናገርም። ስለዚህ የሰው ግምት አይወጣም። መኮንኑ እየተራገመ ወጣ። ተማሪዎቹ ሳቁ፤ አጥናፉ አልሳቀም።
መንገድ ላይ ተከተለኝ።
«የኔታ፣ እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። የከብቱን ጨው መጀመሪያውኑ ቀንሼዋለሁ።»

«መኮንኑ ቢጠይቀኝ እናገር ነበር። አልጠየቀኝም።» ከዚያ እጅ ነሥቶ፣ «ወንድምዎ ደኅና ናቸው?»
ወንድም እንዳለኝ ለተማሪ ነግሬ አላውቅም። «ደኅና ነው» አልኩ፤ ሌላ ምን ልበል።

ዓርብ
ብርቄ ለቅሶ ነው ብላ ጎሕ ሲቀድ ወደ እብናት ወጣች። ደምሌ ከዚህ ጨው እንዳያስመጣ ትነግረዋለች። እኔም አብሬያት ልጠፋ ነበር፤ ግን ከትምህርት ቤት ከቀረሁ በራሴ ላይ መሰከርኩ ማለት ነው። ፈራሁ። እየፈራሁ ሄድኩ።
የአጥናፉ ቦታ ባዶ ነበር። መኮንኑ አስጠርቶታል አሉ። ማካፈል አስተማርኩ፤ ምን እንዳልኩ አላውቅም። ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል ገባ። ሌሎቹ እስኪወጡ ቆሞ ጠበቀኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።
«ጠየቀኝ፣ የኔታ» አለኝ። 
ብርቄ ገና መንገድ ላይ ናት፤ ደምሌ ዘንድ አልደረሰችም።