አፍንጫዬ ተዘግቶ የገዛሁት ቅቤ

ታኅሣሥ 6
ለንግዴ ቅቤ ልገዛ ይጁቤ ገበያ ዋልኩ። ንፋሱ ክፉ ነው። ጉንፋን ይዞኝ አፍንጫዬ ሲንጠባጠብ ዋለ። ቅቤ ብዙ አልወጣም፤ የገና በዓል ሲቀርብ ይወጣል። ማታ ባለቤቴ ዑበይዱላህ ዳማከሴ አሽቶ ሰጠኝ።

ታኅሣሥ 11
ተሻለኝ። ራሴም ቀለለኝ።

ታኅሣሥ 14
ተመልሶ መጣ፤ ያውም ብሶ። ጎንበስ ስል ግንባሬ የሚፈርጥ ይመስለኛል። ጉንጬንና የላይ ጥርሶቼን ያመኛል። ንፍጡ ወፍራም፣ ቢጫ። ሽታ የሚባል ደግሞ ጠፍቷል! ቅቤ የምፈትሽበትን ስንጥር ቅቤው ውስጥ ሰድጄ አወጣሁ፣ አፍንጫዬ ላይ አደረግሁ... ምንም። እንዳሸተተ ሰው ራሴን ነቀነቅሁ። ምን ላድርግ? ሻጮቹ ካወቁ የከረመውን ሁሉ እኔ ላይ ነው የሚያራግፉት።
ዑበይዱላህ ጥርሱን ሲያመው ከወሰደው የተረፈ ካፕሱል ነበር። ሁለት ዋጥኩ።

ታኅሣሥ 17
የብርጓል ደወለች። ሉማሜ ላይ ምግብ ቤት አላት፤ የዓመታት ደንበኛዬ ናት።
«መዲናዬ፣ ለጋ ነው አላልሽኝም? ይሄ እኮ አምና የተናጠ ነው!»
«መልሽው፣ እለውጥልሻለሁ።»
«አፍንጫሽን አምኜ አይደል ሳላይ የምወስደው? ምን ነካሽ?»
ስለ አፍንጫዬ ሳልነግራት ስልኩን ዘጋሁ።

ታኅሣሥ 18
ስነሳ ግራ ዓይኔ አብጧል፤ ቆቡ ቀልቷል። ትኩሳትም አለኝ። «ገና ይለፍና እሄዳለሁ፤ ገበያው አሁን ነው» ስለው፣ ዑበይዱላህ «ገና ያንቺ በዓል ነው?» አለና ሻርፔን አቀበለኝ። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሄድን። አስተኙኝ።

ታኅሣሥ 20
መድኃኒቱ በመርፌ ነው። እብጠቱ ሟሸሸ። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች። አፍንጫ ዙሪያ አጥንቱ ውስጥ ክፍት ቦታ አለ አለች፤ መውጫው ሲዘጋ ፈሳሹ እዚያው ይጠራቀማል። ሳይነስ የሚሉት እሱ ነው። አብዛኛው ከጉንፋን ጋር መጥቶ በራሱ ይሄዳል።
«ታዲያ መቼ ነበር መምጣት የነበረብኝ?»
«ዐሥር ቀን አልፎም ካልተሻለዎት። ወይም ተሻለኝ ካሉ በኋላ ተመልሶ ከባሰ። ዓይን ካበጠ፣ ትኩሳት ከጠና፣ አንገት አልታጠፍ ካለ ግን ቀን አይቆጠርም፤ የዚያኑ ዕለት ነው።»
ስለ ካፕሱሉ ነገርኳት።
«እርስዎ ከሰው የተረፈ ቅቤ ይገዛሉ?» አለችኝ።
አልገዛም።

ታኅሣሥ 26
ገበያ። ዓይኔ ድኗል። ሽታው ግን ገና... ደብቄ አንዴ ተዋርጃለሁ። ለሻጮቹ በግልጽ ነገርኳቸው፤ አፍንጫዬ አይሠራም። ሥራነሽ፣ ያቺ ተከራካሪዋ ቅቤ ሻጭ፣ «እኔ ላሽትልሻ!» አለች። የጎረቤቷን ቅቤ አሽታ ፊቷን አጨማደደች። ጎረቤቷ ተናዳ የእሷን አሸተተች። እነሱ ሲሰዳደቡ እኔ ለጋ ለጋውን ለየሁ።

ጥር 7
የሰጡኝን መድኃኒት ሳላቋርጥ ጨረስኩ። ዛሬ የሥራነሽን ቅቤ ወግቼ ስንጥሩን አፍንጫዬ ላይ ሳደርግ... ድንገት! ጉሮሮ የሚይዝ ግማት። ደግሜ አሸተትኩ።
«ምን ያስቅሻል?» አለችኝ።
«ገምቷል እኮ፣ እቴ።»
«ታዲያ ይሄ ያስቃል?»
ለሦስተኛ ጊዜ አሸተትኩና ቅቤዋን መለስኩላት።