የወይዘሮ እታለም ላንድሮቨር

ለውድ እህቴ ለአይናለም፦

እንደምን ከርመሻል? የሆላንድ ብርድ እንዴት ይዞሻል? የወገብሽ ሕመምስ ተሻለሽ? ቴዎድሮስና ትንሿ ምሕረት ደኅና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናታችን በጤና አሉ፤ ጤፉም እየታጨደ ነው።

በስልክ እንዳልነግርሽ ነገሩ ረዘመብኝ። በኢንተርኔት ጨረታ ያሸነፍሻትን አሮጌ ላንድሮቨር ለማየት ማክሰኞ ቡሬ ሄድኩ። ባለቤቷ ወይዘሮ እታለም ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚነዷት ራሳቸው ናቸው። ገና ሳልቀመጥ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች አስጠሩ። ለካ በሬ ሲሸጥ እንደሚደረገው እንከኗን በሰው ፊት ሊነግሩኝ ኖሯል። ሞተሩ የሌላ መኪና ነው፤ ሻንሲውም ከኋላ ተበይዷል።

የጨረታው ገጽ ላይ ግን «ሁሉ ነገሯ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው» ተብሎ ነበር። ወይዘሮዋ እንከኑን ለገጹ ሰዎች ቀድመው ነግረዋቸዋል። ሳይጽፉት ቢቀሩ ራሳቸው አስጽፈው እዚያው ገጽ ላይ አስለጠፉ፤ የገጹ ሰዎች ወዲያው አጠፉት። ቢደውሉም፣ ጨረታው አልቋል፣ ገዥዋም ያለችው ባሕር ማዶ ነው አሏቸው።

ያ ገጽ ሲጀመር የመኪና ወዳጆች ብቻ ነበሩበት፣ የዛገውን ቦታ ሳይቀር ፎቶ አንስተው ያሳዩ ነበር ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። አሁን ዋጋ የሚያንሩት ተጫራቾች እንኳ እነማን እንደሆኑ አይታወቅም። እኔ ጋዜጣ ላይ ስሠራ፣ ስንሳሳት እያፈርንም ቢሆን እርማት እናወጣ ነበር። እነዚህ የሚያውቁት ማጥፋት ብቻ ነው።

አንደኛው ሽማግሌ፣ በሬ አይደለች ጥርሷ አይታይ፣ ዝም ብትዪ ማን ያውቅብሽ ነበር ብለው ወይዘሮዋን ቀለዱባቸው። እሳቸው አልሳቁም።

«ገዥዋ ሩቅ ናት ብዬ እንከኑን ብደብቅ፣ እግዜርም ሩቅ ነው ማለቴ አይደል?» አሉ።

ከዚያ፣ ተጠምዶ ያልታየ በሬ አይገዛም ብለው እህል አስጫኑባትና ቁልፉን ሰጡኝ። በነቀምቱ መንገድ ቁልቁለቱን ወርጄ ተመለስኩ። ዳገቱን ሳትነጫነጭ ወጣችው።

ለአገር ቤት መግቢያሽ የፈለግሻት ያልተነካች መኪና እንደሆነች አውቃለሁ፤ ይህቺ ተነክታለች። ብትተዪያት ወይዘሮዋ አይቀየሙሽም። አንድ የእህል ነጋዴ ልግዛ ቢላቸው ግን፣ መጀመሪያ ያንቺን ቃል ልስማ ብለው መልሰውታል። ለገጹ ሰዎች ሳይሆን ለሳቸው ደውዪ፤ እንከኗን ሰምቻለሁ ብለሽ በራስሽ አንደበት ካልነገርሻቸው አይሸጡልሽም። በሚኒባስ ስመለስ የማስበው ስለ መኪናዋ ሳይሆን ስለ ሴትዮዋ ነበር። እኔን ከጠየቅሽኝ ግዢያት።

ቴዎድሮስን በርታ በይልኝ፤ ምሕረትን ሳሚልኝ። ባለቤቴን አምለሰትን ናፍቀሻታል። እናታችን ወሬውን ሰምተው፣ ሞተሩ የማንም ይሁን፣ ብቻ ልጄን ይዞልኝ ለጥምቀት ይድረስ ብለውሻል።

ወንድምሽ ስመኘው
ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 18 ቀን 2007 ዓ.ም.