ደቻቱ ላይ የምትበረው ልጅ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1975

የሰናይት ሥዕል ሊታተም ነው! ልጄ በሥዕል የሠራችውን ታሪክ አንድ መጽሔት ተቀበለላት፤ እኔ ደስታዬን የት ላድርገው! ጀግናዋ ድሮ ጠመንጃ ይዛ የሰው በር ትደበድብ የነበረች ልጅ ናት። አሁን የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ እየበረረች ጎርፍ የወሰደውን ታወጣለች። ግን የምታወጣው ሰው ሁሉ መልኩ አንድ ነው፤ የጎረቤታችን የዘሃራ ልጅ፣ ረመዳን። ሰናይት አብዮት ጥበቃ ሳለች ከቤቱ ወስዳው፣ በዚያው የቀረው።

«ዘሃራ ብታየውስ?» አልኳት።

«እትዬ ዘሃራ እንድታየው ነው የሣልኩት፣ እማዬ።»

ለእሁዱ የደስታ ድግስ ሰፈሩን ሁሉ ጠርቻለሁ፤ የቀረኝ የዘሃራ ቤት ነው። ዛሬ በሯ ድረስ ሄጄ ሳላንኳኳ ተመለስኩ። ያ በር ያን ቀን እንዴት እንደተደበደበ ሰምቻለሁ። ነገ ቀስ ብዬ አንኳኳለሁ። እሁድ ሁሉም ይምጣልኝ፤ እሷም።