ከዲስኬቱ ላይ ያጠፋኋቸው መስመሮች

ውዴ ተኽለ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ደህና ነኝ ብልህ ትታዘበኛለህ። የምጽፍልህ አጥፍቼ ነው፤ ከአንተ ሌላ የምነግረውም የለኝም።

ገዛ ባንዳ ሰፈር ያለው ቤታችን እንደተውከው አለ። የኔ ዘመዶች ከነጻነቱ በኋላ ጠቅልለው ወደ አዲስ አበባ ሄደዋል፤ በአማርኛ የማዋየው ሰው አጥቼ ከፎቶግራፍህ ጋር እጨቃጨቃለሁ። እህትህ ለተይ በሐዘንህ ምክንያት ያቆየችውን ሠርግ ባለፈው እሑድ ደገሰች። እናትህ ጥቁራቸውን ለአንድ ቀን አወለቁላት።

በሠርጓ ኪቦርድ ልትጫወትላት ቃል ገብተህ ነበር። ታመህ ግራ እጅህ አልታዘዝ ሲልህ እንኳ ተስፋ አልቆረጥክም። ወንድምህ ከሚላኖ በላከልህ አሮጌ ኮምፒውተር ፕሮግራም መሥራት ጀመርክ፤ ፔዳሉን በእግርህ ስትረግጥ ኮምፒውተሩ ሚዲ በሚባል ማገናኛ ገመድ ኪቦርዱን አዝዞ የግራ እጅህን ሥራ እንዲሠራልህ። እኔ ታይፒስቷ ትእዛዙን እጽፋለሁ። ከየትእዛዙ ሥር የሚገባውን ማስታወሻ መጻፍ ግን ለማንም አትሰጥም፤ በአንድ ጣትህ እየለቀምክ፣ አማርኛውን በላቲን ፊደል ትጽፈው ነበር። «እዚህ ጋ ድምፁን አቁም በይው፤ ካላልሽው እስከ ፋሲካ ይጮኻል።» «ይህን ቁጥር አትንኪ፣ አውቅሻለሁ።» ስስቅ ደስ ይልህ ነበር።

ፔዳሉ ሲረገጥ ድምፁ እየዘገየ አስቸገረን፤ ሳንጨርሰው ሄድክ።

ሠርጉ ሲቃረብ ሳክስፎን የሚነፋው ጓደኛህ መብራህቱ መጣና «የቀኝ እጁን እኔ ልጫወት፣ ግራው የተኽለ ይሁን» አለኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም። ያስተማርከኝን አንድ በአንድ አስታወስኩ፦ አንድ መስመር ለውጪና ሞክሪ፣ ሁለት ነገር ባንዴ አትንኪ፣ ሥራው ሲያልቅ ማስታወሻዎቹን አጥፊ፣ ማሽኑ እነሱንም እያነበበ ስለሚዘገይ። አጠፋኋቸው። ፔዳሉን ስረግጥ ድምፁ ከእግሬ ጋር እኩል መጣ። በደስታ ጮኼ ፕሮግራምህ ባለባት በዚያችው ዲስኬት ላይ ደርቤ መዘገብኩት። በሌላ ዲስኬት ቅጂ ሳትይዢ እንዳታጠፊ ብለኸኝም ነበር፤ እሱን ረሳሁት።

በሠርጉ ግራ እጅህ አላሳፈረንም። እናትህ አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ፣ መብራህቱ «አጆኺ፣ አይዞሽ» እያለ ትከሻዬን ያዘኝ። ኮርቼ ነበር፣ ተኽለ።

ሰኞ ዕለት ናፈቅከኝና ላነብህ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ከላይ እስከ ታች ትእዛዝ ብቻ ነው፤ የእኔ ጽሑፍ ብቻ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አንድ ቤት እየኖርን ደብዳቤ ምን ያደርግልናል ስንል፣ በሕይወትህ የጻፍክልኝ ነገር እነዚያ ማስታወሻዎች ብቻ ነበሩ። በገዛ እጄ ጠረግኋቸው። ሞትህን ሁለተኛ ጊዜ የተረዳሁት ያን ዕለት ነው።

የማስታውሳቸውን በወረቀት ጻፍኳቸው። ከአርባ በላይ ነበሩ፤ የመጡልኝ አሥራ አንድ ናቸው። ስሄድ ስመጣ እላቸዋለሁ፤ እነዚህን እስክሞት አልረሳም፣ ቃሌ ነው። ከሁሉም መጨረሻ ላይ በጻፍከው ውስጥ ስሜን ጠርተህ ነበር። ከስሜ ቀጥሎ ምን እንዳልከኝ ግን አላስታውስም።

ባለቤትህ አልማዝ