ከመቆጣጠሪያው ላይ ስለተላጠው ፕላስተር

ልጄ፣

እህትህ ጋ ሄጃለሁ፣ እሑድ እመለሳለሁ። ምግቡ ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ አሙቀህ ብላ እንጂ ቀዝቃዛውን አትጉረስ። በሩን ስትወጣ ሁለቴ ቆልፈው።

ትናንት «የትንሹ ሄሊኮፕተር መቆጣጠሪያ ላይ የነበረውን ፕላስተር ማን ላጠው?» ብለህ ስትጮህ ዝም ያልኩት የላጥኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። አቧራ ስጠርግ ቆሻሻ መሰለኝ። አባትህ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የማስተካከያ ቁጥሮቹን እንደጻፈበት አላየሁም። የቆሻሻውን ባልዲ ገልብጬ ፈለግኩት፣ የለም። እግዚአብሔርም አንተም ይቅር በሉኝ። ፊትህን እያየሁ መናገር አቃተኝ።

ግን «ከአባባ የቀረን እሱ ብቻ ነበር» ስትል እኔም እዚያው ቁጭ ብዬ ነበር።

አባትህ ሄሊኮፕተሩ አየር ላይ አንድ ቦታ ረግቶ እንዲቆም ሲያስተካክለው ምልክት የሚያደርገው እኔን ነበር። ግቢው ውስጥ ቧንቧው ጋ ያቆመኝና «ንቅንቅ እንዳትዪ፣ ችካሌ አንቺ ነሽ!» ይለኛል። ከፊቴ ራቅ አድርጎ ያንሳፍፈዋል። ሲንቀጠቀጥ ቁጥሩን ይቀንሳል፣ ከቦታው ሲሸሽ ይጨምራል። ትንሽ ትንሽ ነው የሚነካካው፣ እንደ አንተ አይቸኩልም። ስንት ሰከንድ እንደቆመም ጮክ ብሎ ይቆጥራል።

ስመለስ ቧንቧው ጋ እቆምልሃለሁ።
ስንት ሰከንድ እንደቆመ ግን በልብህ ቁጠር።
ድምፅህ ቁርጥ የእሱ ነው።

እናትህ