ሦስት ትራስ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እህቴ ሙኒራስ? ሱቁስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የደብረ ታቦር ብርድ እንዳለ ነው፤ የላክሽልኝን ጋቢ ደርቤ ነው የምጽፍልሽ። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ፣ በደወልኩ ቁጥር ገበያተኛ ፊት ቆመሽ «ደህና ነኝ» ብለሽ ስለምትዘጊብኝ ነው።

ዘንድሮ ለእኛ ለሕክምና ተማሪዎች አዲስ ነገር መጥቶልናል፤ የኮምፒውተር በሽተኛ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ሴት ትቀርብልናለች፣ እኛ እየጠየቅን፣ ምርመራ እያዘዝን ሕመሟን እንፈልጋለን። ብንሳሳት የሚጎዳ ሰው የለም። ትምህርት ክፍሉ «በእርግጥ ይጠቅማችኋል ወይ?» ብሎ መገምገሚያ ቅጽ ሰጠን። ሁላችንም ስክሪኑ ላይ ጎበዞች ነበርን፤ እውነተኛ ታካሚ ዘንድ ስንገባ ግን ግራ ገባን። እኔም ቅጹ ላይ «ይቺ በሽተኛ የእኛ አገር ሰው አይደለችም። ገና ምን ያምዎታል ስትባል ሁሉንም ትዘረግፈዋለች። የእኛ ሰው መጀመሪያ ደህና ነኝ ነው የሚለው» ብዬ ጻፍኩ። መምህራችን ዶክተር ባዩ አንብበው ሳቁና፣ እንግዲያው የእኛን አገር ሰው አንቺ ጻፊልን አሉኝ።

ካንቺ ወዲያ ማንን አውቃለሁ? አንቺን ጻፍኩ። እብናት ሱቅ ያላት የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት። ስምሽን ቀየርኩ፣ አመልሽን ግን እንዳለ ተውኩት። ሲጠይቋት «ደህና ነኝ» ትልና የጠያቂዋን እናት ጤና ትጠይቃለች። ለዒድ መጥቼ ያየሁትንም ጨመርኩበት፦ ከሱቁ እቤት እስክትደርሺ ሁለት ጊዜ ማረፍሽን፣ ጫማው እየጠበበሽ በሸበጥ መዋልሽን፣ ሦስት ትራስ ደራርበሽ መተኛትሽን። ያኔ «ፍራሹ ጎድጉዶ ነው» ብለሽኝ ነበር። እኔ ለበሽተኛዋ ያሰብኩላት ሕመም ቀላል የደም ማነስ ነው፤ የቀረውን የጨመርኩት ሰው እንድትመስል ብቻ ነበር።

አሥራ ሁለት ተማሪዎች ሞከሯት። ዘጠኙ «ደህና ነኝ» ስትላቸው አምነው ወደ ቤቷ ሸኟት። ሁለቱ የደም ማነስ አሉ። ዶርም አብራኝ የምትኖረው ጽጌ ግን ስለ ሱቁ፣ ስለ ልጆቿ ስታጫውታት ቆየችና፣ ስንት ትራስ ይደገፋሉ ብላ ጠየቀቻት። ከዚያ «ልቧ ነው» ብላ መልሷን ጻፈች። ተሳስተሻል አልኳት። አልተከራከረችኝም፤ የጻፍሽውን ራስሽ ደግመሽ አንብቢው አለችኝ።

አነበብኩት፤ መድከሙ፣ የእግሩ ማበጥ፣ ያለ ትራስ ትንፋሽ ማጠሩ፣ ሁሉም ወደ ልብ ይጠቁም ነበር። ዶክተር ባዩም የጽጌ መልስ ትክክል ነው አሉ። ይህን ሁሉ ከየት አመጣሽው ሲሉኝ «ከእናቴ» ብዬ አለቀስኩ።

እማዬ፣ ዘጠኙን ለመውቀስ አፍ የለኝም። እኔም ዒድ ላይ አምኜሽ፣ ስንቄን ተሸክሜ ተመለስኩ። ይቅር በይኝ። ደግሞም ተመስገን፤ እዚያ አጠገብሽ ተቀምጬ ያላየሁትን እዚህ አሳየሽኝ። እኔን ማስተማርሽ ሳያንስ ክፍሉን በሙሉ አስተማርሽ። የሚመጡት ተማሪዎችም እንዲማሩባት በሽተኛዋ እንድትቀጥል ተወስኗል። ጽጌን ደግሞ መርቂያት፤ ውለታዋን እኔ ብቻዬን አልከፍለውም።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ የአጎቴ ልጅ ኢድሪስ ነው። ረቡዕ ሚኒባሱ ላይ የጋቢናውን ወንበር ይዞልሻል። ሱቁን ለሙኒራ ተዪው። ሐሙስ ጠዋት ልብሽን የሚያዩልሽ ሐኪም ይጠብቁሻል፤ ዶክተር ባዩ፣ መድኃኒት ያለው ነገር ነው፣ ብቻ አትዘግይ ብለውኛል። ጽጌ አልጋዋን ለቃልሻለች፣ ትራሱንም ሦስት አድርገንልሻል። ሐኪሙ ሲጠይቁሽ ግን፣ ስለ አላህ ብለሽ፣ የእናታቸውን ጤና ከመጠየቅሽ በፊት ስለ ትራሱ ንገሪያቸው።

አላህ ዕድሜሽን ከጤና ጋር ያርዝምልኝ፤ በሰላም ያገናኘን።

ከእንግዲህ «ደህና ነኝ» ብትያት የማታምንሽ፣
ልጅሽ